ቫምፓየሩና እኛ

እኛ እንኳን ፊልም ተንታኞች አይደለንም፤ ዳንግላ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ያደግን ነን። «ታይታኒክ»ን (እ.ኤ.አ. 1997) አይተን እንባችንን ተደባብቀን ጠርገናል። የ2008ቱ «ትዋይላይት» ግን... እንጃ! መቶ ዓመት ያለፈው ቫምፓየር፣ የ17 ዓመት ልጅ መስሎ፣ የተኛችን ልጅ መኝታ ቤቷ ገብቶ ሲያፈጥባት ያድራል። ይሄ ፍቅር ነው? እኛ ጋ ቢሆን ወንድሞቿ በዱላ ነበር የሚሸኙት።

የኛ ፍቅር ሌላ ነው። ከመካከላችን አንዱ ስምንተኛ ክፍል ሳለን ለአንዲት ጎበዝ ልጅ ደብዳቤ ጻፈ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ሊሰጣት ቀጠረ። አልመጣችም፤ ተድራለች። «ድፍረት» (2014) ጠለፋን አሳይቶናል። በሽማግሌ፣ በደንቡ፣ ያለ ጩኸት የሄደችውን ግን ማን አሳየን?

ደብዳቤው እስካሁን ጂኦግራፊ ደብተሩ ውስጥ ነው።