«እኔን እኮ ነው የሚገፋው»



እዚህ ሲኤምሲ ሠፈራችን ወላጁን ለዑምራ፣ ለሕክምና ወይም ውጭ ያሉ ልጆቹን እንዲያይ ያላሳፈረ ቤት ጥቂት ነው። ጉልበታቸው ለደከመ ወላጆች ቲኬት ስንቆርጥ ዊልቸር እናስይዛለን። መልካም ነው። ዊልቸሩን ለሚገፋው ሰው ያለን አደብ ግን ብዙ ይቀረዋል።

እናቴን ይዤ ለዑምራ ስጓዝ አንድ አየር ማረፊያ ውስጥ የዊልቸር ተራ እየጠበቅን ነበር። ሠራተኛው አዛውንቶችን እያመላለሰ ላቡ ይንቆረቆራል። አንድ ወጣት ወንድማችን «የምትከፈለው ለዚህ አይደል? ቶሎ በል እንጂ!» ብሎ ጮኸበት። ልጁ ዝም አለ። የወጣቱ እናት ግን ሻርፓቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው «ተው ልጄ፣ እኔን እኮ ነው የሚገፋው» አሉት።

እውነት ነው። እኛ በር ላይ ተሰናብተን ስንመለስ ደረጃው፣ ፍተሻው፣ መጸዳጃ ቤቱ ሁሉ በዚያ ሰው እጅ ነው። እሱን ሰድበን እናታችንን ለእሱ ስንሰጥ፣ ሐፍረቱን የሚሸከሙት እሳቸው ናቸው። ለወላጅ መቆርቆር መስሎን በወላጅ ላይ እንከፋለን።

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) 10 ዓመት ሲያገለግል አንዴም «ኡፍ» እንዳላሉት መስክሯል። እኛ 10 ደቂቃ መታገስ እንዴት ያቅተን?

መታገዝም ነውር አይደለም። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) መታመሟን ስትነግራቸው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰዎች ኋላ ሆና በእንስሳ ላይ ተቀምጣ ጠዋፍ እንድታደርግ ነግረዋታል። ነውሩ ጤነኛ ሆኖ ወረፋ ለመዝለል ዊልቸር መጠየቅ ነው። ይህ መቆም ያቃታቸውን አዛውንት ሐቅ መንካት ነው።

ብዙው ጭቅጭቅ የሚነሳው ቀድሞ ካለመናገር ነው። ብዙ አየር መንገዶች ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ። እርዳታውም 3 ዓይነት ነው፦ ደረጃ ለሚወጣ ግን ረጅም መንገድ ለማይችል፣ ደረጃ ለማይችል፣ ጭራሽ መራመድ ለማይችል። ለመጨረሻው እስከ መቀመጫው የሚያደርስ ጠባብ ወንበር ያስፈልጋል። በትክክል ካላስያዝን ሠራተኛው ያንን ይዞ አይመጣም፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም።

እናታችሁ አጅነቢይ ወንድ ደግፎ እንዲያነሳቸው ካልፈለጉ፣ ሴት ሠራተኛ እንድትረዳቸው ቀድማችሁ በጨዋ ደንብ ጠይቁ፤ አብራችሁ ከሆናችሁ ራሳችሁ ደግፉ። መዘግየት ካለ ለኃላፊው በእርጋታ ንገሩ። ለሠራተኛው ደግሞ ስሙን ጠይቁት፣ የእናታችሁን ሕመም አስረዱት፣ ስትለያዩም አመስግኑት። ሙስሊም ባይሆንም የእስልምናን አኽላቅ የሚያየው በእኛ ላይ ነው።

አላህ ወላጆቻችንን በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልስልን፤ የሚያግዟቸውንም እጆች ይባርክ። አሚን!