በካሜራው ላይ የሞላው ፏፏቴ

ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ኀዘን አለች። በጉዞ ላይ ሳለ በካሜራው ጀርባ ባለችው ጠባብ መስኮት አይቶ «ይኼስ ተሳክቷል!» ብሎ የተደሰተበትን ሥዕል፣ ቤቱ ገብቶ በኮምፒውተር ሲከፍተው ወይም በወረቀት ሲያሳትመው ሌላ ነገር ሆኖ ያገኘዋል። ሰማዩ ነጭ፣ ተራራው ግራጫ፣ የሰው ፊት ጥላ ብቻ ነው። በፊልም ዘመንም ማዘን አልቀረም፤ ነገር ግን የዚያ ዘመን ሰው ፊልሙ ፎቶ ቤት ገብቶ እስኪታጠብለት ድረስ ያላየውን ነገር አስቀድሞ አይወድም ነበር። ዲጂታሉ ካሜራ ግን መጀመሪያ ሰጥቶ ኋላ ይነሣል።

ከእኔ ዘንድ ስለ ምርጫና ስለ መሬት ፖሊሲ ማንበብ የለመደ አንባቢ «ዛሬ ደግሞ ምን ነክቶት ነው?» ይል ይሆናል። ጥቂት ይታገሠኝ።

በየካቲት 2011 ዓ.ም.፣ በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት፣ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። የጉዞዬ ምክንያት እናቴ ናት። እናቴ የይልማና ዴንሳ ተወላጅ ስትሆን አዲስ አበባ ከገባች ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏታል። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ደጋግማ የምታነሣው አንድ ነገር ቢኖር፣ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ሄዳ ያየችውን ጢስ ዓባይን ነው። ከሩቅ ጢሱ ሲጤስ፣ ቀጥሎ ድምፁ ሲያስገመግም፣ ቀረብ ሲሉ ደግሞ ነጠላቸው በካፊያው ሲርስ ትተርካለች። እኛ ልጆቿ ታሪኩን በቃላችን ይዘነዋል። «እኔ እንግዲህ አልደርስበትም፤ አንተ ሂድና መልኩን አምጣልኝ» አለችኝ። ካሜራ ከገዛሁ ጀምሮ እንዲህ ያለ ከባድ አደራ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው የጢስ ዓባይ ከተማ ደርሰን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን፣ ዳገቱን ወጥተን ከፏፏቴው ፊት ለፊት ቆምን። ጢስ ዓባይ ከፍታው 40 ሜትር ያልፋል፤ በክረምት ማብቂያ ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል ይባላል። እኛ በደረስንበት ጊዜ ግን በዚያ ሰፊ ገደል ላይ ውኃው ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ይወርዳል፤ የቀረው ድንጋይ ነው። አነሣሁ። ወዲያው ሦስታችንም በካሜራው ጀርባ ላይ ተደፋን። ግሩም ነበር! ከገደሉ ጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ መጋረጃ የተዘረጋ ይመስላል። ፏፏቴው ከኋላችን እየወረደ፣ እኛ ጀርባችንን ሰጥተነው መልኩን ስናደንቅ ያየን እረኛ ሳይስቅብን አልቀረም።

አዲስ አበባ በገባሁበት ማታ እናቴ ካሜራውን በሁለት እጇ ይዛ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተችው። እልል አለች፤ ስክሪኑንም ሳመችው። እኔም በዚህ ተበረታትቼ ለፋሲካ እንዲደርስ ፎቶውን 50 በ75 ሳንቲ ሜትር አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ አመጣሁላት። ግድግዳው ላይ ስንሰቅለው መነጽሯን አድርጋ ቀረብ አለች።

«ይኼ የት ነው?»

«ጢስ ዓባይ ነዋ እማዬ! ያን ዕለት በካሜራው ያየሽው እኮ ነው።»

«አይደለም ልጄ። ያኛው ውኃ ነበረው።»

ያው ፎቶ መሆኑን ላስረዳት ሞከርሁ። አልተቀበለችኝም። «ጢሱስ? ጢሱን የት አደረስከው?» አለችና ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ ቀላል ነው። የእኔ ካሜራ አንዱን ፎቶ በ24 ሚሊዮን ነጥቦች ይመዘግባል። ባለ 3 ኢንቹ ስክሪን ግን በአግድም 720፣ በቁመት 480 ነጥብ ብቻ አለው፤ ሲባዛ 345,600 ይሆናል። ስለዚህ ወደ 70 የሚጠጉ ነጥቦች ተጨፍልቀው አንድ ነጥብ ይሆናሉ ማለት ነው። በዚህ ጭፍለቃ ውስጥ የእጅ መንቀጥቀጥ ያመጣው ብዥታ ይሰወራል፤ በጨለማ ቦታ ፎቶውን የሚያሻክረው ቅንጣትም እርስ በርሱ ተጣፍቶ ይለሰልሳል። በጢስ ዓባይ ፎቶ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ሦስቱ ጅረቶች፣ በመካከላቸው በእርጥበት የሚያብለጨልጨው ድንጋይና በላዩ ያለው ስስ ጉም ተዋሕደው አንድ ወጥ ነጭ ሆኑ። ፎቶው ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ሲለጠጥ ድንጋዩ ወደ ድንጋይነቱ፣ ውኃውም ወደ ቅጥነቱ ተመለሰ።

በዚህ ላይ ስክሪኑ የራሱ ብርሃን አለው፤ ወረቀት ግን ከክፍሉ የተቀበለውን ብርሃን ብቻ ነው የሚመልሰው። ማታ በደብዛዛ መብራት ሥር የሰው ዓይን ብሌን ሰፍቶ ስለሚጠብቅ ያቺ ትንሽ መስኮት እንደ ጧፍ ታበራለች። ደግሞም ካሜራው የሚያሳየን ጥሬውን መረጃ ሳይሆን፣ ቀለሙን አድምቆ፣ ጥላና ብርሃኑን አራርቆ ራሱ ያዘጋጀውን ግልባጭ ነው። ጥሬውን ፋይል በኮምፒውተር ስንከፍተው ለአንድ ሰኮንድ ያህል ያ ያማረ ግልባጭ ብቅ ይልና ወዲያው በገረጣ ሥዕል ይተካል። (የዚያችን ሰኮንድ ያህል የሚያናድድ ነገር አላውቅም።)

ጢሱ የት ደረሰ ለሚለው ጥያቄ ግን ስለ ነጥብ ብዛት ማውራት አይበቃም። በእርግጥ የካቲት በጋ ነው፤ ወንዝ ሁሉ ይቀንሳል። ከበጋው በላይ ግን የሰው እጅ አለ። ከፏፏቴው አናት ውኃ ጠልፎ ተርባይን የሚያዞረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አቅሙ 12 ሜጋ ዋት አይሞላም ነበር። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ፍሰቱን የሚቆጣጠረው የጨራ ጨራ ግድብ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ሁለተኛው ጣቢያ ተከተለ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ደግሞ የሐይቁን ውኃ በዋሻ እየወሰደ በሌላ አቅጣጫ ወደ በለስ ወንዝ ይለቅቃል።

መብራት የምጠላ ሰው አይደለሁም። ይህንንም የምጽፈው በመብራት ነው። አንድ አገር ፏፏቴዋን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ ብትመርጥ መብቷ ነው፤ የሚከነክነኝ ምርጫው ከተደረገ በኋላ ሥዕሉ ሳይለወጥ መቅረቱ ነው። የአንድ ብር ኖታችን በጀርባው ጢስ ዓባይን ይዞ ለአሥርት ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። በኖታው ላይ ውኃው ሞልቶ ነበር፤ በበጋም፣ በክረምትም፣ ሁለተኛው ጣቢያ ከተከፈተም በኋላ። ኋላ ኖታው በሳንቲም ሲተካ ፏፏቴው ቀርቶ ሚዛን ተቀረጸበት። በሳንቲሙ ላይ የታተመው ዓመተ ምሕረት 2002 ነው፤ ጣና በለስ የተመረቀበት ዓመት። ማንም አስቦ ያደረገው አይመስለኝም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ አይቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

በ1950ዎቹ የአገራችንን ቱሪዝም መሠረት የጣሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መፈክር ሲያወጡ አገሪቱን ለማያውቃት ባዕድ ማስተዋወቅ ነበረባቸው፤ ያማረውን መርጠው ቢያሳዩ አይፈረድባቸውም። በ2008 ዓ.ም. መፈክሩ «ምድረ ቀደምት» በሚል ተተካ። በሁለቱ መካከል ባለው ዘመን፣ በተለይም በሚሌኒየሙ ዋዜማና ማግሥት፣ «ገጽታ ግንባታ» የሚባል ቃል ከሹማምንት አፍ የማይጠፋበት ወቅት ነበር። ያን ጊዜ ነገሩን ሆን ተብሎ የሚሠራ ማታለል አድርገው የሚያዩ ብዙዎች ነበሩ። እኔ ከጢስ ዓባይ ፎቶ ወዲህ ሌላም መልክ እንዳለው እጠረጥራለሁ።

የቀበሌው ሪፖርት ወደ ወረዳ ይወጣል። በወረዳው ያሉት ቀበሌዎች ተደምረው፣ ተካፍለው አንድ ቁጥር ይሆናሉ። የወረዳዎቹ ቁጥር በዞን፣ የዞኖቹ በክልል፣ የክልሎቹ በፌዴራል እንዲሁ ይጨፈለቃል። ጉድጓዱ የደረቀበት መንደርና ቧንቧ የገባለት ከተማ ተዋሕደው «የንጹሕ ውኃ ሽፋን» የሚባል አንድ ወጥ መቶኛ ይወጣቸዋል። ከላይ የተቀመጠው ሹም ያንን ሲያይ የሚታየው ነጭ መጋረጃ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ። ላይዋሽ ይችላል። እናቴ ስክሪኑን ስትስም አልዋሸችም፤ ካሜራውም አልዋሸም። ነገር ግን ያ ሹም የሚያየውን ሥዕል 75 ሳንቲ ሜትር አድርጎ አሳትሞ በቢሮው ግድግዳ የሚሰቅልለት የለም። አንዳንዴ እንዲህ ለማድረግ የሚሞክር ጋዜጠኛ ወይም ተመራማሪ ሲነሣ «ገጽታ አበላሸ» ይባላል። ተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ሲመጡ ከአማካዩ በፊት የመንደሮቹን ዝርዝር እንዲያሳዩኝ የምወተውተው በዚህ ምክንያት ነው፤ እነርሱ ግን የአማካኙን ሰንጠረዥ አስቀድመው ማሳመር ይወዳሉ።

ወደ ጢስ ዓባይ በመስከረም ተመልሼ፣ ሲሞላ አንሥቼ ለእናቴ ላመጣላት ዐቅጄ ነበር። በመጀመሪያ ወረርሽኙ መጣ፤ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፤ ከዚያም በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ውስጥ የፈነዳው ግጭት። ዕቅዱ እስከ ዛሬ ዕቅድ ነው። እናቴ ትልቁን ፎቶ እንድናወርደው ጠይቃ አውርደነዋል። አሁን የሥራ ክፍሌ ውስጥ ነው። አንዳንድ እንግዳ «ይኼንን ከምትሰቅል ከኢንተርኔት አንድ ያማረ አውርደህ ባታሳትም?» ይለኛል። ከመስቀሌ በፊት ግን ፍሬሙን ፈትቼ፣ በፎቶው ጀርባ ላይ በእርሳስ የሚከተለውን ጽፌበታለሁ፦ «ጢስ ዓባይ፤ የካቲት 2011 ዓ.ም.፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። የሚወርዱ ጅረቶች ብዛት 3። ጢስ አልታየም።»