ቢጫ ሁሉ አደይ አይደለም

መስከረም ሲጠባ ቴሌግራሙም ፌስቡኩም በቢጫ አበባ ይሞላል። ከፎቶው ሥር የሚጻፈው አንድ ነው፤ «አደይ አበባ»። አንዳንዱ ግን አደይ አይደለም። ነገሩን ያነሣሁት ፎቶ ለማረም አይደለም። አደይ የመሰለን አበባ መርዛም ሊሆን ስለሚችል ነው።

አደይ የሀገር ልጅ ነው፤ ደጋና ወይና ደጋ ይወዳል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት አንድ አበባ የመሰላችሁ ነገር የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። እሾህ የለውም። የሚቆየውም ለአጭር ጊዜ ነው።

ከሰቆጣ ወደ ኒሯቅ ስትወርዱ በመንገድ ዳርና ጦም ባደረ ማሳ ላይ የምታዩት ሌላው ቢጫ ግን ከሜክሲኮ አካባቢ የመጣ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ አርጄሞኔ ሜክሲካና ይባላል። ብዙውን ጊዜ 6 ስስ የአበባ ቅጠሎች አሉት። ቅጠሉም ፍሬውም እሾሃም ነው። ቀንጠስ ስታደርጉት ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። አርጄሞኔ ኦክሮሌውካ የሚባል እህትም አለው፤ የእሱ አበባ ገርጣ ያለ፣ እንቡጡም ሞላላ ነው። የሜክሲካናው እንቡጥ ክብ ይላል።

ትልቁ ጣጣ ዘሩ ነው። ጥቁርና ድቡልቡል ስለሆነ ከሰናፍጭና ከጎመን ዘር ጋር ቢቀላቀል ለዓይን ያስቸግራል። በ1998 እ.ኤ.አ. ሕንድ ዴልሂ ውስጥ ዘይቱ ከሰናፍጭ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በሽታው እግር ያሳብጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ልብ ያደክማል።

«መጤ አረም ነው፣ ይነቀል» ብሎ መደምደም ይቀላል። እኔን ግን ቃሉ ይከብደኛል፤ በዚህች ሀገር «መጤ» የተባለ ሰው ምን እንደደረሰበት እናውቃለን። ለአረምም ቢሆን መለኪያው ልክ አይደለም። በርበሬ፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ በለስ ሁሉም ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው። ከእርዳታ እህል ጋር ገባ የሚባለው፣ የቆቦን ማሳ ያስጨነቀው ቅንጨ አረምም ከዚያው ነው። አንዱ ወጣችን ሆነ፣ ሌላው ማሳችንን በላ። የሚለያቸው ሥራቸው ነው፤ ሥራቸውን ለማወቅ ደግሞ ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል።

ይህ ለአበርገሌ ሰው ተራ ወሬ አይደለም። በጦርነቱ ተፈናቅሎ ሰቆጣ አካባቢ የከረመ ገበሬ ሲመለስ የሚጠብቀው ጦም ያደረ መሬት ነው፤ እንዲህ ያለው አረም የሚወደውም የተረበሸና ባለቤት ያጣ መሬት ነው። ስለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ስለ ማዳበሪያ ሲያወሩ ይህንንም አበባ ቢያሳዩ፣ ገበሬውም ፍሬ ሳይቋጥር እጁን ሸፍኖ ቢነቅለው፣ በአውድማ ላይም የጎመን ዘሩ በደንብ ቢለቀም ብዙ ጣጣ ይቀራል።

እናንተም በመጪው መስከረም ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ቅጠሉን እዩት። እሾህ ካለው አደይ አትበሉት።