ሳንባውን ያዳመጠ ሯጭ ልግመኛ ነው እንዴ?

እኔ የምለው፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ ልግመኛ ነበር? በመስከረም 2000 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ማራቶን ይቅርብኝ አለ። አስም አለበት፤ በዚያ በተበከለ አየር 42 ኪሎ ሜትር መሮጡ ለጤናው አስጋው። ኦሊምፒኩን ግን አልተወም፤ ነሐሴ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ሮጦ ስድስተኛ ወጣ።

ቻይናዎች ፋብሪካ አስቁመው፣ መኪናውን በታርጋ ቁጥር በፈረቃ አስነድተው፣ የማራቶኑ ዕለት ሰማዩ ከተፈራው በላይ ጠራ። ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በ2፡06፡32 አሸነፈ። «ኃይሌ ቢሮጥ ኖሮስ?» የሚል እስከ ዛሬ አይጠፋም። ይበል! ሰውዬው ግን በመስከረም 2001 በርሊን ተመልሶ 2፡03፡59 ገባ፤ የራሱን ክብረ ወሰን ሰበረ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። እዚህ አርባ ምንጭ የእህቴ ልጅ ይሮጣል፤ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ሽቅብ ሲሮጥ ሙዝ የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ ጥቁር ጭሱን ፊቱ ላይ ይለቅበታል፤ ባጃጁም ይከተላል። ማታ ደረቱ ሲር ሲር ሲል ያድራል። ሐኪም አስም ነው ብሎታል። «ዛሬ በአስፋልቱ አልሮጥም» ቢል አሠልጣኙ በጓደኞቹ ፊት «ልግመኛ!» ብሎ አሸማቀቀው። ልጁም ሩጫ በቃኝ ብሎ ጫማውን ሰቅሏል።

ቁጭ ያለ ሰው በደቂቃ ከስድስት እስከ ስምንት ሊትር አየር ይስባል፤ አጥብቆ የሚሮጥ ግን ከመቶ ሊትር በላይ፣ ያውም በአፉ! አፍንጫ የሚያስቀረው ቆሻሻ ሁሉ ቀጥታ ሳንባ ይገባል። ቆሞ ታክሲ የሚጠብቀውና ሯጩ አንድ ጭስ አይደለም የሚጠጡት።

እህቴን የመከርኳት እንዲህ ነው፦ ባጃጅ ሳይወጣ፣ በ11 ሰዓት ተኩል ይሩጥ፤ ከአስፋልቱም ገባ ይበል። ሐኪሙ ያዘዘለት የሚሳብ መድኃኒት ከኪሱ አይለይ። እንጀራ ሲጋገር ማድ ቤት አይቀመጥ፤ የእንጨት ጭስም ጭስ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጨንቻ አክስቱ ዘንድ ይውጣ። ደጋ ነው፣ ዳገቱም ይበቃዋል፤ ማታ ግን እሳቱ ዳር እንዳያስተኙት ንገሪያቸው ብያታለሁ።