ከቆቦ ወዲያ፣ ከጥሙጋ ወዲህ

ዋጃን ብዙ ሰው የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ቆቦን ካለፈ በኋላ ሜዳው ላይ ቀጥ ይላል። ሹፌሩም በተራራው ጥምዝምዝ ያጣውን ሰዓት እዚህ ሊያካክስ ነዳጅ ይረግጣል። ፍጥነት የሚቀንሰው ለፍየልና ለባጃጅ ሲል ብቻ ነው። ከዚያ ጥሙጋ፣ ከጥሙጋ አላማጣ፣ ከአላማጣ በላይ የግራ ካሱ ዳገት። ላሊበላን አላየሁም የሚል የወሎ ሰው ትንሽ ያፍር ይሆናል፤ ዋጃ ወርደሃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

እኔ የወረድኩት በነሐሴ መጀመሪያ ነው። መንገድ የመራችኝ ለክረምት እረፍት ቤተሰቦቿ ዘንድ የመጣች የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ስልኳ በፎቶ ተሞልቷል፤ አብዛኛው ሜዳና ተራራ፣ ዳቦና ልብስ ነው። የሴኡልና የባንኮክ ተማሪዎች ካፌ ለካፌ ሲዞሩ፣ ኬክ ሲጋግሩ፣ ከገበያ ያገኙትን ቀሚስ ሲያሳዩ ማታ ማታ ታያለች። "እኔስ ምን ጎደለኝ?" አለችኝ፤ "ካፌው ብቻ ነው።"

የሚታየው ነገር የሚጀምረው ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች አሉ፤ ከጀርባቸው አፋር ነው። በምዕራብ ወደ ላስታ የሚያወጣው ገደል ቆሟል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ግድም ላይ በሁለቱ መካከል የተንጣለለው የራያ ሜዳ ነው። ዶፉን የሚቀበለው ደጋው ነው፤ ጎርፉን የሚጠቀምበት ግን ቆላው። ቀን ጠጠርና አሸዋ ብቻ የነበረው ወንዝ ደጋው ላይ ሲዘንብ ያመሸ እንደሆነ ግንድ እያንከባለለ ይደርሳል።

ገበሬው ታዲያ ጎርፉን ይጠልፈዋል፤ ዘዴውም ጠለፋ ይባላል። ከወንዙ ጥግ በአፈር፣ በድንጋይና በእሾህ ቅርንጫፍ ክትር ይሠራና ውሃውን በቦይ ወደ ማሳው ይመራዋል። ክትሩ ጠንካራ አይደለም፤ እንዲሆንም አይፈለግም። ጎርፉ ከልክ ሲያልፍ ክትሩ ቀድሞ ካልተናደ አፈሩ ከነዘሩ ተጠራርጎ ይሄዳል። የላይኛው ማሳ ከጠጣ በኋላ ውሃው ለታችኛው ይለቀቃል። ጎርፍ ቀጠሮ ስለማያከብር እኩለ ሌሊት ባትሪ ይዞ መውጣትም አለ። ተማሪዋ ከሁሉ አብልጣ የምታነሳው ጎርፉ ጥሎት የሄደውን ደለል ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ተሰነጣጥቆ ጠርዙ ወደ ላይ ይቀለበሳል። እኔ ጭቃ ያየሁበትን እሷ አምስት ጊዜ አነሳችው። ለገበሬው ደግሞ ማዳበሪያ ነው።

በዚህ ደለል ላይ የሚቆመው ማሽላ ነው፤ ደጋሊትና ጅጉርቲ ስማቸው የቆየ የአካባቢው ዝርያዎች ናቸው። ከበልግ ዝናብ ጋር ተዘርተው እስከ ኅዳር ማሳ ላይ ስለሚቆዩ፣ በልጉ ከቀረ ገበሬው ወደ ጤፍ ወይም ቶሎ ወደሚደርስ ማሽላ ይዞራል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ድርቅ የሚያመልጡ የማሽላ ዝርያዎችን ቆቦ ላይ ሲሞክር ኖሯል። በጥቅምት የመጣ ሰው መንገድ ዳር ጥንቅሽ ይመጥጣል። እኔ ቸኩያለሁ።

ወደ ከተማው በባጃጅ ተመለስን። ባጃጁ የህንድ ነው፤ ጠጠር ጭኖ አቧራ ያለበሰን ሲኖትራክ የቻይና፤ ሽንኩርት የሚጭነው አይሱዙ የጃፓን ስም የያዘ። እስያን ማየት ለፈለገ ሰው ዋጃ አስፋልት ዳር ሻይ ይዞ መቀመጥ ይበቃዋል። ከመኪናው ይልቅ ግን ልብሱ ይበልጥ ያወራል። የራያ ጎረምሳ ጎፈሬው ላይ ሚዶ ሰክቶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሽርጡን ወገቡ ላይ ጠቅልሎ ሲሄድ ያየ እንግዳ "ይሄ ነው እንግዲህ የአገር ባህል" ይላል። ልክ ነው፤ ሽርጡ ግን በአብዛኛው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። የኢንዶኔዥያ ሽርጥ በየመንም በሶማሌም ገበያ ስሙ የታወቀ ነው፤ በጅቡቲ በኩል ወደዚህ ለመዝለቅም መንገዱ አይጠፋውም። ተማሪዋ አንዱን ከነማሸጊያው ገዝታ ጉርድ ቀሚስ አሰፍታዋለች። እናቷ "የወንድ ልብስ ለብሰሽ!" ብለው ሳምንት አኮረፉ፤ ቀጥሎ ለራሳቸው ቀለሙን መረጡ።

ባሕሩን ልብስ ብቻ አይደለም የሚሻገረው። ከዚህ ሜዳ ወጣቶች በአፋር አቋርጠው፣ ከጅቡቲ በጀልባ የመን ገብተው፣ ወደ ሳዑዲ ይሄዳሉ። ስንቱ እንደቀረ ቤቱ ያውቃል። ከጥቅምት 2006 መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ የተማሪዋ አክስት ከነሱ አንዷ ነበሩ። ከሰው ቤት ሥራ ያመጡት አንድ ሻንጣ፣ ሁለት አባያና እጃቸው ላይ የቀረ ሙያ ነው። ባስቡሳ ይጋግራሉ።

ባስቡሳ ሰሞሊና፣ እርጎ፣ ስኳርና ቅቤ ተደባልቆ ተጋግሮ፣ ሳይበርድ ሽሮፕ የሚጠጣ የዓረብ ጣፋጭ ነው። ዋጃ ላይ ሰሞሊና ፍለጋ መንከራተት አያዋጣም። እትዬ ስንዴ ያስከኩና ከቅንጬ አድቅቀው፣ ከዱቄት አሻክረው ያስፈጩታል። ከላይ በሚሰካው ለውዝ ፋንታ እዚህ ለውዝ የምንለውን ኦቾሎኒ ይጠቀማሉ። ኦቨን የላቸውም። ትሪው ከሰል ምድጃ ላይ ይቀመጣል፣ በቆርቆሮ ይከደናል፣ ክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ አክንባሎው ላይ እሳት ሲያደርጉ የኖሩ ሴት ለዚህ የጅዳ አሠልጣኝ አላስፈለጋቸውም። ስኳሩ ከሎሚ ጋር ፈልቶ ሲወፍር ትኩሱ ላይ ያፈሱታል፤ ጢስ እያለ ይጠጣዋል።

ማሽላውን ያመጣችው ተማሪዋ ናት። የማሽላ ዳቦ የሚፈረፈረው ሊጡን የሚያስተሳስረው ግሉተን ማሽላ ውስጥ ስለሌለ ነው፤ ለዚህ ነው ዳቦ ሲታሰብ ስንዴ የሚቀላቀልበት። ባስቡሳ ግን መፈርፈር የሚያምርበት ነገር ነው፤ የሚይዘውም ሽሮፑ ነው። ስለዚህ ግማሹን ማሽላ አደረጉት። ቀምሻለሁ፤ ቀለሙ ጠቆር ይላል፣ ጥርስ ላይ ትንሽ ይንኮሻኮሻል፣ ከስንዴው ይልቅ ደግሞ የእህል ጣዕም አለው። አዲስ አበባ በውድ ዋጋ ከሚሸጠው ስንቱ ኬክ እሱን እመርጣለሁ። "ለሶለል ብትሸጪው እኮ፣ እትዬ" ብትላቸው፣ "ለሶለል ማን ገዝቶ ይበላል? ልጆቹ እየጨፈሩ በየቤቱ ይበላሉ እንጂ" አሏት።

ሶለል ፍልሰታ ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሚከበር የልጃገረዶች በዓል ነው፤ ትግራይ አሸንዳ፣ ዋግ ሻደይ፣ ላስታ አሸንድዬ የሚሉት። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ልብስ ሰፊዎች እንቅልፍ የላቸውም። ከሱቁ ደጃፍ የተሰቀለው ባብዛኛው ሽፎን ነው፤ ጥልፍ መሳይ የታተመበት፣ የቻይና ጨርቅ። ሸማኔውን ጎድቶታል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ግን የሸማ ቀሚስ ዋጋ ሰምቶ ለሦስት ሴት ልጆቹ ሽፎን ይዞ የሚሄድን አባት እኔ አልወቅስም።

የተማሪዋ ጉዳይ ሌላ ነው። በ2014 ያሰፋችው የሸማ ቀሚስ አላት፤ አንዴም አልተለበሰም። በዚያ ዓመት ነሐሴ 18፣ ሶለል በገባ በሦስተኛው ቀን፣ የሰሜኑ ጦርነት በቆቦ ግንባር እንደገና ተቀሰቀሰ፤ በ21 የፌዴራሉ መንግሥት ሠራዊቱ ከቆቦ ከተማ መውጣቱን አስታወቀ። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች፤ ቀሚሱ አሁን ትከሻዋ ላይ አይገባም።

ልብስ ሰፊው ቀሚሱን ገልብጠው በጣታቸው ስፌቱን ተከተሉ። ሸማ ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ስለሚተውለት ይፈታል፣ ይሰፋል፤ መርፌ ያለፈበትም ሲታጠብ ይጠፋል። "ሽፎን ቢሆን በመርፌው ቀዳዳ ይተረተር ነበር፤ ይሄ ይሆናል" አሉ። ችግሩ ቀኑ ነው፤ ከ13 በፊት አይደርስም።

"ጋሼ፣ 12 ያድርጉልኝ፤ ልለካው።"

"ካሰፋሽው ስንት ዓመት ጠበቀሽ? አንድ ቀን ይጠብቅሻል።"

"እሱማ ጠበቀኝ፤ እኔ ነኝ የማልጠብቀው" አለች፤ ቀብዱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ እጇን አላነሳችም።