ስለ ሐረር መሐለቅና የቆየ ገንዘብ ስለ መሰብሰብ

በሌላው ዓለም ታላላቅ የመዝናኛ ሆቴሎች የተከፈቱበትን ቀን ወይም ኢዮቤልዩአቸውን ለማስታወስ የነሐስ ሜዳይ ያስመታሉ፤ ያንንም ሜዳይ ብዙ ገንዘብና ድካም አፍስሰው የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። እኛም ይህን ነገር ስንሰማ የሥራ ፈት ሰው ጨዋታ አድርገን እንቈጥረው ነበር። ነገር ግን ወደ ሐረር ሄደን ከተመለስን ወዲህ አሳባችን ተለውጧልና ምክንያቱን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

ከድሬዳዋ ተነሥቶ ተራራውን የሚወጣ መንገደኛ ኃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ሐረር ይደርሳል። የቀድሞዪቱን ከተማ የከበበው ግንብ ጁገል ይባላል። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር እንዳሠሩት ይነገራል፤ የጥንት በሮቹም አምስት ናቸው። ነዋሪዎቹ ከተማቸውን በቋንቋቸው ጌይ ይሏታል። የዓለም ቅርስ ተብላ በዩኔስኮ መዝገብ የገባችውም በ1998 ዓ.ም. ነው።

ይህች ከተማ በአሚሮቿ ዘመን የራሷን ገንዘብ ትመታ ነበር። ስሙም መሐለቅ ይባላል። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል በተቀመጠ ጊዜ ይህን መሐለቅ አይቶ ጽፎበታል። እንደ ጻፈውም ገንዘቡ በእጅ የተሠራ ትንሽ ናስ ሆኖ በአንዱ ፊቱ በሐረር መመታቱ በዐረብኛ ተጽፎበታል፤ በሌላው ፊቱ ደግሞ በሂጅራ አቈጣጠር 1248 የሚል ዓመት አለበት። በከተማይቱ ውስጥ ሌላ ገንዘብ ያዘዋወረ ሰው በአሚሩ ዘንድ ጽኑ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግብጾች በ1868 ዓ.ም. ገብተው በ1877 ዓ.ም. ወጡ፤ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማይቱን ያዙ። በ1887 ዓ.ም. ደግሞ የምኒልክ ስምና መልክ ያለበት፣ በጀርባው አንበሳ የተቀረጸበት ብር በፓሪስ ተመታ።

እነዚህን የመሳሰሉ የቆዩ ገንዘቦች በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ባለው በሸሪፍ ሙዚየም ተቀምጠው ይታያሉ። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የከተማቸውን መጻሕፍት፣ ጌጥና ገንዘብ መሰብሰብ የጀመሩት በራሳቸው ቤት ነው። አንድ ሰው በግሉ የጀመረው ሥራ ዛሬ ለሁሉ የሚታይ ሆኖ ስናገኘው እጅግ ተደነቅን።

ከዚያ ወጥተን በጁገል ውስጥ ወደ አንድ አንጥረኛ ዘንድ ደረስን። አንዲት አሮጊት ለልጅ ልጃቸው ሠርግ ጌጥ ለማሠራት ሁለት ጠገራ ብርና አንዲት ትንሽ ናስ በጨርቅ ቋጥረው አምጥተው ነበር። አንጥረኛው ብሮቹን መዘነ፤ ናሲቱን ግን «ይህች ዋጋ የላትም» ብሎ መለሰላቸው። ብናያት መሐለቅ ናት። ልባችን ተመኘና «እማማ፣ ለኛ ይሽጡልን» ብለን ብዙ ብር ዘረጋን። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ይህች የባሌ እናት ናት። እናንተ ስትሞቱ ልጆቻችሁ የማን እንደ ነበረች ያውቃሉን?» አሉን። መልስ አጣን። አሮጊቲቱም መሐለቋን መልሰው ቋጠሯት፤ ሁለቱ ጠገራ ብሮች ግን ዐይናችን እያየ ወደ እሳት ገቡ።

በመንገድ ሳለን ነገሩን ብዙ አሰላሰልነው። ሰብሳቢ የሚያድነው ነገር አለ፤ ታሪኩን ሳይጽፍ የወሰደ እንደ ሆነ ግን ከእሳቱ የሚለየው በጥቂት ነው። ከአገር የሚያወጣውም እንዲሁ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥበቃ ዐዋጅም ያለ ፈቃድ ቅርስ ማውጣትን ይከለክላል።

ስለዚህ በየቤታችሁ በሣጥን ውስጥ የቆየ ገንዘብ ያላችሁ ሁሉ ይህን ብታደርጉ መልካም ነው። አንደኛ፥ ከማን እንደ ተወረሰና ከየት እንደ መጣ በወረቀት ጽፋችሁ ከገንዘቡ ጋራ አስቀምጡ። ሁለተኛ፥ እመቤቶች ሆይ፣ ለማሳመር ብላችሁ በአመድና በሎሚ አትፈትጉት፤ ጽሕፈቱ ይጠፋል፣ ዘመን ያለበሰው መልኩም አይመለስም። ሦስተኛ፥ በማርትሬዛ ብር ላይ በአውሮፓ አቈጣጠር 1780 የሚለውን ዓመት አይታችሁ ዕድሜውን አትቍጠሩ። ያ ዓመት ንግሥቲቱ የሞተችበት ነው፤ ብሩ ግን በዚያው ቍጥር እስከ እኛ ዘመን ድረስ በቪየና፣ በሮም፣ በሎንዶንና በሌላም ቦታ ሲመታ ኖሯል።

ከሁሉ በላይ ግን ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ገንዘቡን በእጃቸው አስይዙአቸውና የማን እንደ ነበረ ንገሩአቸው። የሐረሯ አሮጊት የጠየቁን ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።