ልጆቻችን የት ይጫወቱ?

የዛሬው ጉዳዬ ከአንድ የላስቲክ ኳስ የተነሣ ነው።

የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ጧት ሐረጎን ቁልቁል እወርዳለሁ፤ ማታ ሽቅብ እመለሳለሁ። ስድስት ተከራዮች የምንጋራው ግቢ በልብስ ማስጫ ገመድ፣ በውሃ በርሜልና በከሰል ምድጃ ተይዟል። ስለዚህም የሰባት ዓመት ልጄ የሚጫወተው ከመንገድ ላይ ነው። ባለፈው ወር ከሥራ ስመለስ ጎረቤቶቼ ከደጃፍ ቆመው ጠበቁኝ። ኳሱን ተከትሎ ሲሮጥ ባጃጅ ገጭቶት ኖሯል። ፈጣሪ ይመስገን፣ ክንዱ ብቻ ተሰብሮ ተረፈ። በድንጋጤ «ማን መንገድ ላይ ውጣ አለህ?» ብዬ ብቆጣው፣ «ታዲያ የት ልጫወት እማዬ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

ደሴ አረንጓዴ የጠፋባት ከተማ አይደለችም። ቀና ብንል ጦሳ ከነባሕር ዛፉ፣ ዞር ብንል አዝዋ ገደል ይታየናል። ችግሩ ከተማዋ በሁለቱ መካከል ባለ ጠባብ ሥፍራ መቆርቆሯ ነው። ሕዝቡ በበዛ ቁጥር ቤት ከቤት ተጠጋጋ፤ ከዚያም ወደ ዳገቱ ወጣ። ተራራው ደግሞ ለዓይን እንጂ ለሕፃን እግር አይሆንም። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ በክረምትም አፈሩ ይንሸራተታል። ከፈረቃ ሥራ የተመለሰች እናትስ መቼ ይዛው ትወጣለች?

ኮምቦልቻ በ2009 ዓ.ም. በተከፈተው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ባገኘሁ ጊዜ፣ «ፓርክ ገባሁ» ብዬ ብነግረው ልጄ «ዥዋዥዌ አለው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ያን ዕለት ስቄ አለፍኩ። አሁን ግን አያስቀኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ የከተማ ነዋሪ ከቤቱ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ፣ ይኸውም በአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሄክታር የሚሆን አረንጓዴ ሥፍራ ሊያገኝ ይገባል ይላል። በአገራችንም የከተማ ፕላን መመዘኛ ከመሬቱ 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል ተቀምጧል። አዲስ አበባ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ መልካም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የታክሲ ሒሳብና የዕረፍት ቀን የሚጠይቅ መናፈሻ የእሑድ ነው፤ ልጅ ደግሞ የሚጫወተው በየቀኑ ነው። እኔ በበኩሌ ከትልቁ ፓርክ በፊት የአምስት ደቂቃዋን ቁራጭ ሣር እመርጣለሁ።

ከግቢያችን ጀርባ ቆሻሻ የሚጣልበት ሽንጣም ቦታ አለ። ቡና ላይ ይህንኑ ስናነሣ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን፣ «እኛ ልጆች ሳለን እኮ ሣር ነበር፤ ለእንቁጣጣሽ አደይ የምንለቅመው ከዚያ ነው» አሉን። እሑድ ዕለት ዘጠኝ ሴቶች አካፋና ዶማ ይዘን ወጣን። ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁብን፤ በኋላ ሁለቱ ጋሪ አመጡልን። ቦታው ለልጆች መጫወቻ እንዲሆን ማመልከቻ አስገብተናል። ግን ሌላ ጎረቤታችን መኪና ማቆሚያ ይሁን ብለው እሳቸውም አመልክተዋል።

ፕላኑ ታይቶ እስኪነገረን እየጠበቅን ነው። የልጄ ጀሶ የሚፈታው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያው ኳሱን ከቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬዋለሁ።